ከጭቃ እስከ ብሎኬት፤ የአዲስ አበባ ቤት፣ ሙቀቱና ገበያው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከምድር ወገብ ግን ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ የራቀች ከተማ ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይዋ የቆላ፣ ሌሊቷ የደጋ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ 23 ዲግሪ አካባቢ የሚደርሰው ሙቀት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በኋላ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ የሚኖር ሰው ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አያሻውም፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ የሚያድር ግድግዳና ጣራ ካገኘ ይበቃዋል። ይህን ሥራ ቤቱ ካልሠራው ማገዶ ይሠራዋል፤ የከተማ ሰው ደግሞ ማገዶ የሚያገኘው በገንዘብ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ቤት ምን ያህል ሙቀት ይይዛል የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ጀምሮ ከሌላ ጥያቄ ጋር ተያይዞ ኖሯል፤ ቤቱ የተሠራበት ዕቃ ከየት መጣ፣ ገንዘቡስ ማን እጅ ገባ?

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሠፋሪው ይዞት የመጣው የሸዋን ገጠር ቤት ነበር። ክብ ሆኖ ይተከላል፤ ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ ይቀበራሉ፤ ማገር በአግድም ይታሰርባቸዋል፤ ማሰሪያው ልጥ ወይም ሐረግ ነው። ከዚያ ምርጉ ይከተላል። አፈሩ በውኃ ይርሳል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ቀናት ቆይቶ ይቦካል። የቦካ ጭቃ ካልቦካው ይልቅ ይጣበቃል፤ ሲደርቅም ስንጥቁ ያንሳል። ጭዱ ጭቃውን አስሮ ከመያዙ በላይ በውስጡ አየር ስለሚያስቀር ግድግዳው ሙቀት በቀላሉ እንዳያሳልፍ ይረዳል። የመጨረሻው ልስን እበትና አመድ የተቀላቀለበት ስስ ጭቃ ነው። ጣራው የሰንበሌጥ ወይም የሌላ ረጅም ሣር ክዳን ሲሆን፣ ውፍረቱ ከስንዝር በላይ ሲሆን ዝናቡንም ፀሐዩንም ይመልሳል። ደረቅ ሣር ከታወቁት የሙቀት መከላከያዎች አንዱ ነው፤ ብረት ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል።

በዚህ ቤት ውስጥ የሙቀት ምንጩ ምድጃው፣ የሰዉ ገላና፣ በብዙ ቦታ፣ በጋጣው ያደሩት ከብቶች ነበሩ። የምድጃው ጢስ ወደ ክዳኑ ወጥቶ ሣሩን ያጠቁረዋል፤ ነቀዝና ምስጥም ያባርራል። ቤቱን ለማቆም የሚወጣው ገንዘብ እምብዛም አልነበረም። እንጨቱ ከጫካ፣ ሣሩ ከመስክ፣ ጭዱ ከዐውድማ ይመጣል፤ ጉልበቱ በደቦ ይሰበሰባል፤ ደቦው በእንጀራና በጠላ ይሸኛል። ለአናጺ የሚከፈለው ምናልባት ለበሩ ብቻ ነው።

ይህን ቤት ማሞገስ ቀላል ስለሆነ ጉድለቱም አብሮ መነገር አለበት። ጢሱ ክዳኑን ሲጠብቅ ዓይንና ሳንባን ያጠፋል፤ ከሁሉ በላይ የተጎዱት ቀኑን ሙሉ ምድጃ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ደግሞ መንደር ያነዳል። በጣራውና በግድግዳው መጋጠሚያ የሚገባው ነፋስም ከግድግዳው ያተረፉትን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። ትልቁ ጉድለት ግን የእንጨቱ ነው። የትግራይ ሕድሞ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳውና በአፈር የተሸፈነው ጣራው ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሞቃት ያደርጉታል፤ ያን ከባድ የአፈር ጣራ የሚሸከሙት ግን ብዙና ወፋፍራም ግንዶች ናቸው። ደኑ ሲያልቅ ሕድሞ መሥራትም እየከበደ መጣ። ሐረር በበኩሏ በጁገል ቅጥር ውስጥ ቤቶቿን ተጠጋግተው በቆሙ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳዎች ሠራች፤ ጎረቤቶች ግድግዳ ስለሚጋሩና መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ ፀሐይ የሚያገኘው የቤቱ ገጽ ጥቂት ነው። የደጋው ዶርዜ ደግሞ ቤቱን ከቀርከሃ ይሸምነዋል፤ ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ እያጠረ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። የሦስቱም ዕውቀት በየአካባቢው ዕቃ ላይ የቆመ ስለነበር ዕቃው ባለበት ኖረ፤ ዕቃው ሲያልቅ ግን ዕውቀቱም አደጋ ላይ ወደቀ።

በአዲስ አበባ ዕቃው ያለቀው ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ነው። የእንጦጦ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ለቤተ መንግሥት፣ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመኳንንቱ ግቢና ለሠራዊቱ ማገዶ ተቆርጦ ተራራው ተራቆተ። በዘመኑ የቤተ መንግሥት ከተማ ማገዶ ሲያልቅበት መንቀሳቀስ የተለመደ ነገር ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው እዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋ በቦታዋ እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች ዋናው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ሆነ። ዛፉን በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገር ያስገባው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው ተብሎ ይነገራል። ለተከለ ሰው የግብር ቅነሳ ተደረገ፤ ችግኝም ታደለ። ዛፉ በአምስትና በስድስት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከተማዋ ደን ውስጥ ያለች እስክትመስል ድረስ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች።

ይህ ዛፍ ከአዲስ አበባ ቤት ጋር የተዛመደው በሁለት በኩል ነው። ግንዱ ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ ሆነ፤ ቅጠሉና ጭራሮው ምጣድ አሰማ። በዙሪያውም ሙሉ ገበያ ተፈጠረ። የተራራው ባለርስት ዛፉን በቁሙ ይሸጣል፤ ቆራጩ ቆርጦ ይልጣል፤ በአህያ የሚጭነው ይጭናል፤ ነጋዴው በአጣና ተራ ያቆማል። ከአጣና ተራ አጠገብ ጭድ ተራ አለ፤ ሁለቱም ዛሬ የመርካቶ ሰፈሮች ናቸው። በገጠር በነፃ ይገኝ የነበረው ሁሉ በከተማ ዋጋ ወጣለት፤ ጭቃ የሚረግጥ የቀን ሠራተኛ፣ መራጊ፣ አናጺ፣ ክዳን ከዳኝ እያለ ሙያው ተከፋፈለ። ደቦው ወደ ደመወዝ ተለወጠ ማለት ነው። ሆኖም ገንዘቡ ከከተማዋና ከዙሪያዋ ገጠር አልወጣም። የአንድ ጭቃ ቤት ወጪ ከአሥር በማይበልጡ እጆች ተዘዋውሮ ሁሉም እጆች ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ባለው መሬት ላይ ያሉ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ገበያ መጨረሻ ላይ የቆሙት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ሌሊት ተነሥተው እንጦጦ ወጥተው፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ይወርዳሉ። በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ከእነርሱ ጉልበት ይልቅ ስለ ባሕር ዛፉ ብዙ ተጽፏል፤ የአዲስ አበባን እንጀራ ለረጅም ዘመን ያበሰለው ግን የእነርሱ ጀርባ ነው።

ቀጣዩ ለውጥ በጣራው መጣ። ቆርቆሮ መጀመሪያ የገባው በእንስሳት ጀርባ ከባሕር ዳርቻ እየተጫነ ሲሆን የቤተ መንግሥት፣ የቤተ ክርስቲያንና የታላላቅ ሰዎች ጣራ ነበር። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። ከባድና ረጅም ዕቃ በፉርጎ ተጭኖ መምጣት ስለቻለ ቆርቆሮ መካከለኛው ሰው ቤት ድረስ ወረደ። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጺዎች ባለሰገነት ቤቶችን በእርሱ ይከድኑ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር የሠራው የአገሬው አናጺም ሙያውን ወሰደ። ቆርቆሮ አይነድም፣ ነቀዝ አይበላውም፣ የዝናብ ውኃ በንጹሕ ይሰበስባል። በዚህ ላይ የክብር ምልክት ሆነ፤ የሣር ክዳን የድኻ፣ ቆርቆሮ የደኅና ሰው ቤት ተባለ።

የቤቱም ቅርጽ አብሮ ተለወጠ። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ስለሆነ ክብ ቤትን በእርሱ መክደን ብክነት ነው፤ ስለዚህ ጎጆው ጠፍቶ ባለ አራት ማዕዘኑ ቤት ነገሠ። ባለ አራት ማዕዘን ቤት በክፍል ለመከፋፈልና ለማከራየት ይመቻል። አንዱ ቤት ሌላውን እየተደገፈ በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ሰርቪስ ቤት መሥራት የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው። የጣራው ለውጥ የአከራይነትን ኢኮኖሚ ይዞ መጣ ሊባል ይችላል።

ሙቀቱ ግን ጠፋ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብረት ቀን ሲግል ቤቱን ያግላል፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ማለዳ ላይ በውስጥ ገጹ የተጠራቀመው ጤዛ በተኙት ላይ ይንጠባጠባል። በክረምት የዝናቡ ድምፅ ሰው አያነጋግርም። የከተማው ሰው መልሱን ራሱ አበጀ። አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ሠራ፤ አቅም ያጣው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ ወጠረ፤ ግድግዳውን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጠፈበት። በጣራውና በኮርኒሱ መካከል የታሰረው አየር ደኅና መከላከያ ነው። በነፋስ ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣም ቤቱን ያሞቃል። መሐንዲስ ያላዘዘው ይህ ማስተካከያ ከአዲስ አበባ የግንባታ ፈጠራዎች ሁሉ በብዛት የተሠራበት ሳይሆን አይቀርም፤ ለልብስ ሰፊውና ለአቡጀዲ ነጋዴውም የሥራ መስክ ከፍቷል።

የጣሊያን ወረራ ዘመን በቤት አሠራር ላይ የጣለው አሻራ ከአምስት ዓመት ዕድሜው ይበልጣል። ዋናው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ፤ ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ተቃጥሎ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የቤት ግድግዳ ራሱ ከመቆሙ በፊት ብዙ ነዳጅ የበላ ዕቃ መሆን ጀመረ። ሙገር ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ግን የሲሚንቶ ቤት የጥቂቶች ነበር፤ ሕዝቡ በጭቃው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የአገር ውስጥ የግንባታ ዕቃዎችን ያጠና ነበር፤ ጭቃና ባሕር ዛፍ በላቦራቶሪ መፈተን የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

የጭቃ ቤትን የጣለው ሲሚንቶ ነው የሚለው የተለመደ አባባል አያሳምንም። የጣለው ጥገና ማጣት ነው። ጭቃ ቤት ዕድሜ አለው፤ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የቆሙ በአዲስ አበባ ሞልተዋል። ቅድመ ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ማለት፣ የጣራው ክንፍ ወጣ ማለት፣ በየክረምቱ ማብቂያ በፍንጣቂ የተበላው የግድግዳ ግርጌ እንደገና መመረግ አለበት። ለዚህ ገንዘብና ባለቤት ያስፈልጋሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በፊት የከተማዋ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ስለነበር አዋጁ ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ እነዚህ በአብዛኛው ጭቃ ቤቶች ነበሩ። ቀበሌው የሚሰበስበው ጥቂት ብር ለማደሻ አልበቃም፤ ነዋሪው ደግሞ የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አልፈለገም፣ ቢፈልግም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። መራጊው፣ ጭድ ሻጩና አጣና ነጋዴው ቋሚ ደንበኛ አጡ። ሠላሳ ዓመት ሳይመረግ የቆየ ግድግዳ ሲዘምም ጥፋቱ በጭቃው ተላከከ።

በእነዚሁ ዓመታት ማገዶ ለመቆጠብ ሌላ መንገድ የተገኘው በምድጃው በኩል ነው። ከኢትዮጵያ ቤተሰብ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባን ቤት ወጪ ከግድግዳው ይልቅ ምጣዱ ይወስናል። በ1980ዎቹ የከሰል ምድጃ የሆነው ላቀች፣ ቀጥሎም ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በመንግሥት የኢነርጂ ባለሙያዎች ተዘጋጅተው ገበያ ላይ ዋሉ። ምርጥ እሳቱን ዙሪያውን የሚከብብ፣ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ የሚወጣ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ምድጃው ትልቅ ፋብሪካ አያሻውም። የብረት ቅርጽ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶና ጥላ ያለው ሰው በግቢው ያመርተዋል፤ የጀርመን የቴክኒክ ተራድኦ ድርጅት ጂቲዜድም በየከተማው ትናንሽ አምራቾችን በማሠልጠን አስፋፋው። አካሄዱ ብልህ ነበር። ዕቃውን በነፃ ከማደል ይልቅ አምራቹ እንዲያተርፍ ስለተደረገ ሥራው ከፕሮጀክቱ ዕድሜ አለፈ።

ይኸው ሐሳብ፣ ማለትም ቤት ለሚሠራው ሰው ሥራ፣ ለሚኖርበት መጠለያ መስጠት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በከተማዋ ታሪክ ትልቁን ግንባታ አስነሣ። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ጂቲዜድ ያስተዋወቀው ዝቅተኛ ወጪ ያለው የቤት አሠራር በቦሌ ገርጂ ተሞከረ፤ ከዚያ የተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ተብሎ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። ዕቅዱ ሲነደፍ በአምስት ዓመት 400,000 ቤት፣ 200,000 የሥራ ዕድልና 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ይገኛሉ ተብሎ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2010 የተሠሩት ቤቶች ወደ 171,000 ደረሱ።

የአሠራሩ ጥበብ ሥራውን መቆራረጡ ላይ ነው። ወለሉ በአንድ ወጥ አርማታ ከመሞላት ይልቅ አስቀድመው በተሠሩ ቀጫጭን ተሸካሚዎች ላይ ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ ላዩ ብቻ በስስ አርማታ ይሸፈናል። በዚህም ሲሚንቶና ብረት ይቀንሳል፣ ለቅርጽ የሚውለው ጣውላና አጣናም ይተርፋል። ብሎኬቱን፣ ተሸካሚውን፣ በርና መስኮቱን ከሥልጠና የወጡ ወጣቶች የተደራጁባቸው ማኅበራት በተሰጣቸው ሼድ ያመርታሉ። ለብሎኬቱ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይገባበታል፤ ድንጋዩ በውስጡ በያዘው አየር ምክንያት ከተራ ጠጠር የተሻለ ሙቀት ይከላከላል። ለውስጥ ክፍል መለያ አግሮስቶን የተባለ ሰሌዳ ተሞከረ፤ እርሱም የሸንኮራ አገዳ ገለባን የመሰለ ተረፈ ምርት ከማግኒዚየም ማያያዣ ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ነው። ከአጣና ተራ ዘመን ወዲህ የአዲስ አበባ ቤት ወጪ ይህን ያህል ብዙ የሰፈር እጆችን አላዳረሰም።

ጉድለቱ የተገለጠው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ አምራቹ አንድ ደንበኛ ብቻ ነበረው፤ መንግሥት ነው። ሲሚንቶ ሲጠፋ ወይም ሳይቱ ሲያልቅ ብሎኬት አምራቹ ሥራ ፈታ። የምርጥ ምድጃ አምራች በየገበያው ብዙ ደንበኛ ስለነበረው ይህ አላገኘውም። ሁለተኛ፣ የቤቱ ንድፍ ስለ ሙቀት ብዙም አላሰበም። የሕንፃዎቹ አቀማመጥ በአብዛኛው በመሬቱ ቅርጽና በመንገዱ እንጂ በፀሐይ አቅጣጫ አልተወሰነም፤ በበጋ የአንድ ሕንፃ ደቡብ ፊት ሲሞቅ ሰሜን ፊቱ ይበርደዋል።

ከሁሉ ጎልቶ የታየው ግን የምጣዱ ጉዳይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት አንድዶ እንጀራ መጋገር አይቻልም። ንድፉ ለባህላዊ ምግብ ማብሰያና ለከብት ማረጃ የጋራ ቤት አካትቶ ነበር፤ ነዋሪው ግን በብዛት ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ዞረ። ይህ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ሁሉ በበዓል ዋዜማ ሲጋግሩ የሚፈጠረውን የኃይል ጫና መገመት አያዳግትም። ከጢስ መዳኑ ትልቅ ትርፍ ነው። በሌላ በኩል በድሮው ግቢ ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ጋግረው፣ በግ አድልበው ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ጓሯቸውን ሲያጡ ገቢያቸውንም አጡ። ኃይል ቆጣቢ ቤት ለሰፈሩ ኢኮኖሚ የሚበጀው ነዋሪው እዚያው ሠርቶ መብላት ሲችል ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ይህን ለግንበኛው አሰበ፣ ለነዋሪዋ ግን በቂ አላሰበም።

ጭቃም ፈጽሞ አልተረሳም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ግንባታ ተቋም ከስዊዘርላንድና ከጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በግቢው ውስጥ የሙከራ ቤቶች ሠርቷል። ከእነርሱ አንዱ ባለ ፎቅ የሆነ የአፈር ቤት ነው። የታችኛው ግድግዳ ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር ሲሆን ወለሉ በስስ የአፈር ጡብ ቅስት ተሸፍኗል፤ በአርማታና በብረት ፋንታ የቅስቱ ቅርጽ ክብደቱን ይሸከማል። ቤቱ የተሠራው አፈር ፎቅ ሊሸከም እንደሚችል ለማሳየት ነበር፤ አሳይቷልም። ገበያው ግን አልተከተለውም፤ የብሎኬት ማኅበራቱ ያገኙትን ሥልጠና፣ ሼድና የመንግሥት ግዢ የአፈር ጡብ አምራች አላገኘም።

ጣራው እስከ ዛሬ ያው ቆርቆሮ ነው። አራትና አምስት ፎቅ የሆነው ኮንዶሚኒየም የተከደነው በእርሱ ነው፤ ከጎኑ የቀረው የቀበሌ ጭቃ ቤትም እንዲሁ። ቆርቆሮውን አገር ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ያወጡታል፤ ጥቅል ላሜራው ግን አሁንም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል።